ከጠዋት እስከ ማታ፦ የሙሴ ሥራና የሲፓራ ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ቤተሰቦች፤ የነቢዩ ሙሴ ታሪክ ሲነሣ የባሕረ ኤርትራን መከፈል፣ የመናውን መውረድ፣ የጽላቱን መሰጠት እናስባለን። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ያለውን የቤቱን ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ሳናስተውል እናልፈዋለን።

ሙሴ ከፈርዖን ፊት ሸሽቶ ወደ ምድያም በገባ ጊዜ የካህኑን የዮቶርን ልጅ ሲፓራን አገባ፤ ጌርሳምንና አልዓዛርንም ወለደችለት። በኋላ ግን ወደ አባቷ ቤት መልሶ ላካት። እርሱ ሕዝብ ሲመራ እርስዋ ልጆቿን ይዛ በአባቷ ዘንድ ቆየች።

ዮቶር እግዚአብሔር ለእስራኤል ያደረገውን በሰማ ጊዜ ልጁንና የልጅ ልጆቹን ይዞ ወደ ምድረ በዳ መጣ። ሙሴም አማቱን ወጥቶ ተቀበለው፤ ሳመው፤ ደኅንነቱንም ጠየቀው። ከሲፓራ ጋር የተነጋገረው ግን አልተጻፈም። በማግስቱ ለፍርድ ተቀመጠ፤ ሕዝቡም ከጠዋት እስከ ማታ ከበውት ቆሙ። ቤተሰቡ ገና ከመንገድ መድረሱ ነበር።

ዮቶር ይህን አይቶ ዝም አላለም። ሥራው ከአንድ ሰው ዐቅም በላይ እንደ ሆነ፣ እርሱም ሕዝቡም እንደሚዝሉ ነገረው። እግዚአብሔርን የሚፈሩ ታማኞችን መርጦ የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የዐሥር አለቆች አድርጎ እንዲሾም፣ ከባዱን ነገር ብቻ ራሱ እንዲያይ መከረው። ያ ታላቅ ነቢይም የአማቱን ምክር ሰምቶ የተባለውን ሁሉ አደረገ።

ልብ እንበል፤ ሙሴን ያደከመው የተጠራበት ቅዱስ አገልግሎት ነው። የእኛንም ትዳር የሚያቀዘቅዘው ሁልጊዜ ክፉ ሥራ አይደለም። ባልና ሚስት በየፈረቃቸው ለልጆቻቸው እንጀራ ሲሮጡ ንግግራቸው ስለ ቤት ኪራይና ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ብቻ ይሆናል። እኛ አገልጋዮችም ከመዝሙር ጥናት ወደ ጉባኤ ስንል በቤት የሚጠብቀንን ሰው እንረሳለን፤ «ለእግዚአብሔር ነው» ስንል ደፍሮ የሚገሥጸን የለምና።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጉም፣ ባል ከሁሉ ይልቅ የሚስቱን ፍቅር እንደሚያስቀድም በአንደበቱ እንዲነግራት፣ አብረው እንዲጸልዩ፣ በቤተ ክርስቲያን የሰሙትንም በቤታቸው እንዲጠያየቁ አስተምሯል። ፍቅር በልብ መኖሩ ብቻ አልበቃውም።

ዮቶር ሙሴን ሥራውን አላስተወውም፤ እንዲያካፍል አደረገው እንጂ። እኛም ከሸክማችን አንዱን ለሌላው እናካፍል፤ በተረፈችው ሰዓትም ተቀምጠን የትዳር አጋራችንን «እንዴት ዋልሽ? እንዴት ዋልህ?» ብለን መልሱን እስከ መጨረሻው እንስማ። ገና ወደ ትዳር ያልገባን ወጣቶችም ልማዱን ከወዲሁ በወላጆቻችን ቤት እንጀምረው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።