ሻጩና ጠገራ ብር

በገበያ የሚሸጥ ሰው ዘወትር የሚጨነቀው ዕቃዬ ይሸጣል ወይ ብሎ ብቻ አይደለም፤ የተቀበልሁትን ገንዘብ ነገ ሌላው ይቀበለኛል ወይ እያለም ነው። ይህን ለመረዳት የዐፄ ምኒልክን ዘመን ገበያ መለስ ብለን እንመልከት።

በዚያን ጊዜ ገበያተኛው የሚያምነው ጠገራ ብርን ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ይህ ብር፣ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም 1780 የሚለው የሞተችበት ዓመት እየተጻፈበት ይታተም ነበር። ሻጩ በራሷ ላይ ያሉትን ፈርጦችና የትከሻዋን ጌጥ አተኩሮ ያያል፤ ፍቅፋቂ ከሆነም ይመልሰዋል። ለጥቃቅኑ ዋጋ ከአፋር ምድር የሚመጣ አሞሌ ጨው አለ፤ ነገር ግን አሞሌን ዝናም ያሟሟዋል፣ በመንገድም ጠርዙ ይሸረፋል። ከተቈረጠበት አገር በራቀ ቍጥር ስለሚወደድም ነጋዴው በየገበያው ሒሳቡን እንደ ገና ይጀምራል።

ዐፄ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የራሳቸውን ብር ማሳተም ጀመሩ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነበረ፤ በጥራቱም ከጠገራው አያንስም። ሆኖም ብዙ ሻጮች አንቀበልም አሉ። ይህን አለማወቅ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን አንስማማም። ቡና ሻጩ ብሩን ለሸማ ሻጩ፣ ሸማ ሻጩም ከቀይ ባሕር ማዶ ለሚመጣው ነጋዴ ሊሰጥ ነው፤ ያም ነጋዴ የሚያውቀው ንግሥቲቱን ነው። ታዲያ ኪሳራውን ማን ይሸከም?

በ1945 እ.ኤ.አ. አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ መንግሥት ከወረቀቱ ጋራ ከብር የተሠራ ባለ 50 ሳንቲም ጨመረ። ወረቀቱንም ሕዝቡ ብር ብሎ ጠራው።