ከወንጂ እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ

አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ መስከረም 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ የፋብሪካ ደመወዝ ለአካባቢው እንግዳ አልነበረም። በአዳማ ደቡብ፣ ወንጂ ላይ፣ ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነበር። ከሩቅ አገር የመጣው ሠራተኛ በካምፑ መጠለያ አገኘ፤ ልጆቹንም አስተማረ። የሚጠጣው የጉድጓድ ውኃ ግን ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። የልጆቹ ጥርስ በለዘ፤ ለዓመታት ከጠጡት የአንዳንዱም ወገብ ጎበጠ። ይህ በደመወዝ መዝገብ ላይ የማይጻፍ ድህነት ነው።

የፓርኩ ወጣት ሠራተኛስ? ብዙው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ነው የሚኖረው፤ እኔ ብሆን ከደመወዙ አስቀድሜ የምጠይቀው የቤት ኪራዩን ነው። ፓርኩ በተመረቀበት በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይላል።