የንግድ ፈቃድ የሚጠየቅበት ስም፦ ከዶት ቢዝ እስከ ዶት ኢቲ

እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተው ዶት ቢዝ ለነጋዴ ብቻ የተከለለ የኢንተርኔት ስም ነበር። በእርሱ ሥር ስም የሚያስመዘግብ ሰው ስሙን ለእውነተኛ ንግድ እንደሚያውለው በውሉ ላይ ያረጋግጣል። ውሉ በዚህ ሳያበቃ አንድ ነገር ለይቶ አስቀምጧል፦ ስሙን ራሱን መሸጥ፣ መለወጥ ወይም ማከራየት ብቻውን ንግድ አይባልም። ዕቃው ከመጋዘን ሳይነቃነቅ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ዋጋው የሚንርበትን ንግድ የአዲስ አበባ ነጋዴ «አየር በአየር» ይለዋል። ዶት ቢዝ ይህንኑ የአየር በአየር ንግድ ከኢንተርኔት ስም ላይ ለማስቀረት ከተደረጉ ቀደምት ሙከራዎች አንዱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በዶት ኮም ነው። «ኮም» የሚለው ቃል ራሱ ንግድን ያመለክታል። የመጀመሪያው የዶት ኮም ስም መጋቢት 1985 እ.ኤ.አ. ሲመዘገብ ታሳቢው ድርጅቶች ነበሩ። የስሞቹን ሥርዓት ይመራ የነበረው ጆን ፖስቴል በ1994 ባወጣው ሰነድም ዶት ኮም ለኩባንያዎች የታሰበ መሆኑን ጽፏል። ይሁን እንጂ በር ላይ ቆሞ «ፈቃድህን አሳይ» የሚል አልነበረም። ምዝገባው ራሱ እስከ መስከረም 1995 ድረስ ነፃ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ብቻ ይጠየቅ ጀመር። አንድ ቃል ለማስቀመጥ መቶ ዶላር ከበቃ፣ ቃላት የሚያከማች ሰው መምጣቱ አይቀርም። ዴኒስ ቶፐን የተባለ አሜሪካዊ የታወቁ ኩባንያዎችን ስም በብዛት አስመዝግቦ፣ የፊልም ካሜራ አምራቹን ፓናቪዥን ስሙን ለመልቀቅ 13,000 ዶላር ጠየቀው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1998 ፓናቪዥን ረታ።

ከዚህ በኋላ ሕጉ ተጠናከረ። በ1999 አሜሪካ የሌላውን ምልክት በስም ምዝገባ መያዝን የሚከለክል አዋጅ አወጣች። ስሞቹን በበላይነት የሚያስተዳድረው አይካንም በዚያው ዓመት ክርክርን ከፍርድ ቤት ውጭ የሚዳኝ ሥርዓት አጸደቀ። ሁለቱም ግን የሚጠብቁት የንግድ ምልክት ያለውን ወገን ነው። «ቢዝነስ» የሚለው ቃል የማንም ምልክት አይደለም፤ ቢዝነስ ዶት ኮም መጀመሪያ በ150,000 ዶላር፣ በ1999 ደግሞ በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ የሚከስም የሚከሰስም አልነበረም። የተራ ቃላት ገበያ ከሕጉ ውጭ ቀረ።

አይካን ኅዳር 2000 እ.ኤ.አ. ከ40 በላይ ከሆኑ ማመልከቻዎች ሰባት አዳዲስ የስም መደቦችን ሲመርጥ አንዱ ዶት ቢዝ ነበር። ያቀረበው ኒውሌቭል የኒውስታርና የአውስትራሊያው ሜልቦርን አይቲ የጋራ ድርጅት ነበር። ለምልክት ባለቤቶች አስቀድሞ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጋ፤ ስሙን ለንግድ ያላዋለውን ሰው ማንም ከሶ የሚያስነጥቅበት ደንብም አወጣ። ከዚያም ራሱን የሚያሳጣ ውሳኔ ወሰነ፦ አንድ ስም ብዙ ፈላጊ ካለው በዕጣ እንዲወጣ፣ ለእያንዳንዱ ማመልከቻም ሁለት ዶላር እንዲከፈል አደረገ። ሁለት ዶላር ከፍሎ በሚሊዮን ሊሸጥ የሚችል ስም በዕጣ መጠበቅ ከሎተሪ በምን ይለያል? ሐምሌ 2001 ሎስ አንጀለስ በሚገኝ ፍርድ ቤት የቀረበው ክስ የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ክሱ እንደቀጠለ ኒውሌቭል ብዙ ፈላጊ ባላቸው ስሞች ላይ ዕጣውን ተወ፤ ስሞቹንም በሌላ መንገድ አከፋፈለ። ነጋዴውን ከቁማርተኛው እለያለሁ ያለው መደብ ቁማር ነህ ተብሎ መከሰሱ ከታሪኩ ሁሉ አስቂኙ ክፍል ነው።

ዋናው ድክመቱ ግን ዕጣው አልነበረም። ኒውሌቭል ስም ፈላጊው በእርግጥ ነጋዴ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ አያጣራም ነበር። ደንቡ የሚነቃው ከሳሽ ሲመጣ ነበር፤ ከሳሹም ገንዘብ ከፍሎ፣ ተከሳሹ ስሙን ለሽያጭ ብቻ እንደያዘ ማስረዳት ነበረበት። አንድ ገጽ ከፍቶ «በቅርብ ቀን እንከፍታለን» ብሎ የጻፈ ሰው ለንግድ አላሰበም ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ ስም አከማቺዎቹ ወደ ዶት ቢዝም ገቡ።

የኢትዮጵያ ታሪክ በሌላ በር ይገባል። የአገሪቱ መለያ ዶት ኢቲ በዓለም አቀፉ መዝገብ የሰፈረው ጥቅምት 1988 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ኢሜይል የነበራቸው ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ዋነኛው በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ሥርዓት ነበር። ቴሌ ቀጥታ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው ጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ስሙ ከመንገዱ ከአንድ ዓመት በላይ ቀደመ ማለት ነው።

ቴሌ ስሙን ሲያደራጅ በዘርፍ ከፋፈለው፦ ለመንግሥት ጎቭ፣ ለትምህርት ተቋማት ኢዱ፣ ለማኅበራት ኦርግ፣ ለንግድ ኮም፤ ከእነዚህም ጋር ኔት፣ ኔም፣ ኢንፎ እና ቢዝ ተካተቱ። ሁሉም መጨረሻቸው ዶት ኢቲ ነው። ቢዝ ዶት ኢቲ የሚለው መደብ ከዓለም አቀፉ ዶት ቢዝ ጋር ስሙን ይጋራል። ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። በኮም ዶት ኢቲ ሥር ስም የሚፈልግ ድርጅት የንግድ ፈቃዱን ይዞ ወደ ቴሌ ይሄዳል። ኒውሌቭል ከምዝገባ በኋላ በክስ ሊያጣራ የፈለገውን ቴሌ ከምዝገባ በፊት በወረቀት ያጣራል። ለአከማቺ ይህ አስቸጋሪ ነው፤ አንድ ፈቃድ ይዞ አምስት መቶ ቃላት ማስመዝገብ ቀላል አይሆንለትም።

አሠራሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በኢትዮጵያ ስም ከፈቃድ ጋር የተሳሰረ ነው። የንግድ ስም ከመመዝገቡ በፊት ሌላ ሰው አስመዝግቦት እንደሆነ ይጣራል፤ ቀድሞ የተያዘ ከሆነ ነጋዴው ሌላ ስም ይዞ እንዲመለስ ይነገረዋል። የንግድ ምልክትም ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የራሱ አዋጅ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 501/1998። አገሪቱ ስም ገንዘብ መሆኑን ያየችው ግን በቡና ነው። ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም. ጠይቃ፣ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ የደረሰችው በ1999 ዓ.ም. ነው። የይርጋጨፌ ገበሬ ያበቀለውን ቡና ስም ባሕር ማዶ ያለ ኩባንያ ሊይዝበት መቻሉን ብዙ ሰው የተረዳው ያኔ ነው።

ለስም ክምችት ሌላው አቻ መሬት ነው። በቦሌ ለዓመታት በቆርቆሮ ታጥሮ ዋጋው እስኪንር የተቀመጠ ቦታ ያላየ የከተማዋ ነዋሪ የለም። የ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ቦታ የወሰደ ሰው በተወሰነለት ጊዜ ግንባታ እንዲጀምር ያስገድዳል፤ ካልጀመረ ውሉ ይቋረጣል። ሐሳቡ ከዶት ቢዝ ደንብ ጋር አንድ ነው፤ ይዘህ አትቀመጥ፣ ሥራበት። የታጠረ ቦታ ግን በዓይን ይታያል፤ ያልተሠራበት የኢንተርኔት ስም ከተሠራበት የሚለየው ፈልጎ ለከፈተው ሰው ብቻ ነው።

ወረቀት የሚጠይቅ በር አከማቺውን ከማስቀረቱ ጋር ችኩሉንም ነጋዴ ያስቀራል። ዶት ኮም ፎርም ሞልቶ በካርድ ከፍሎ በደቂቃዎች የሚያዝ ስም ነው። ኮም ዶት ኢቲ ፈቃድና ምልልስ ይፈልጋል። ገና ፈቃድ ያላወጣ ጀማሪ በር ላይ ይቀራል። ውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ደግሞ የአገር ቤት ፈቃድ ስለሌለው ከመነሻው ወደ ዶት ኮም ይሄዳል፤ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአሜሪካ የሚዘጋጁ የኢትዮጵያ ድረ ገጾች ብዙዎቹ በዶት ኮም የተከፈቱ ናቸው። የስም አየር በአየር በዶት ኢቲ ውስጥ ሳይስፋፋ ቀርቷል፤ ግን የሚቸረቸር ዕቃ በሌለበት መደብር ሌባ አለመግባቱ የዘበኛው ሥራ ብቻ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

በአዲስ አበባ በሃያ ሁለትና በቦሌ መድኃኔዓለም መካከል ያለው የአትላስ ሰፈር ዶት ኢቲ በነጋዴው ዘንድ ብዙም ላለመለመዱ ጥሩ ማሳያ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከአትላስ ሆቴል ነው። ማንም ሳያስመዘግበው፣ ታክሲ ረዳቱ «አትላስ! አትላስ!» እያለ ሲጠራው ስሙ ሰፈሩን ወሰደው። ዛሬ በዚያ መንገድ ላይ በተደረደሩት የሆቴል፣ የካፌና የጉዞ ወኪል ታፔላዎች ላይ ከስልክ ቁጥሩ ቀጥሎ የሚታየው በአብዛኛው የቴሌግራም፣ የፌስቡክ ወይም የቲክቶክ ስም ነው። ዶት ኢቲ የሚበዛው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በባንኮችና በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ነው።

የቴሌግራም ስም ነፃ ነው፤ ፈቃድም አይጠየቅበትም። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ደግሞ እነዚሁ ስሞች ፍራግመንት በተባለ ገበያ በጨረታ ይሸጣሉ፤ ገዢውንም በስሙ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቀው የለም።