ዶኪንግ ስቴሽንን ያለ ቻርጅ መጠቀም

ዶኪንግ ስቴሽንን ያለ ቻርጅ መጠቀም ማለት ሞኒተር፣ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ የኔትወርክ ገመድና ሃርድ ዲስክ በዶኪንግ ስቴሽን (በአጭሩ ዶክ) በኩል ከላፕቶፕ ጋር ተገናኝተው፣ ላፕቶፑ ግን ኃይሉን ከራሱ ቻርጀር ወይም ከባትሪው ብቻ የሚያገኝበት አጠቃቀም ነው። በዩኤስቢ ሲ የሚገናኝ ዶክ መረጃን፣ ምስልንና ኤሌክትሪክን በአንድ ኬብል ያስተላልፋል፤ ሦስቱ ግን የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ ላፕቶፑን መሙላቱ ቢቀር ሌሎቹ ይቀጥላሉ። እንደ ደቡብ ወሎዎቹ ደሴና ኮምቦልቻ መብራት በሚቆራረጥባቸው ከተሞች የትኛው ዕቃ ከየት ኃይል እንደሚያገኝ ማወቅ ያልተቀመጠ ጽሑፍን ወይም አንድ ሙሉ ሃርድ ዲስክን ሊያተርፍ ይችላል።

አመጣጥ

የቀድሞዎቹ ዶኮች ለአንድ ዓይነት ላፕቶፕ ብቻ የተሠሩ ነበሩ። አፕል በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፓወርቡክ ዱዎ እንዳለ ወደ ዱዎ ዶክ ውስጥ ይገባና እንደ ጠረጴዛ ኮምፒውተር ያገለግል ነበር። የዩኤስቢ ሲ መሰኪያ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የአንዱ ፋብሪካ ዶክ ከሌላው ላፕቶፕ ጋር መሥራት ጀመረ። በዚሁ መሰኪያ እስከ 100 ዋት፣ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጣው ደንብ ደግሞ እስከ 240 ዋት ማስተላለፍ ይቻላል።

አሠራር

ሁለት መሣሪያዎች በዩኤስቢ ሲ ሲገናኙ ማን ኃይል ሰጪ፣ ማን ተቀባይ እንደሚሆን ለዚሁ በተመደበ ሽቦ ይነጋገራሉ። መረጃውን ማን ይመራል የሚለው ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑ መረጃውን እየመራ ከዶኩ ኃይል ሊቀበል ይችላል፤ እየመራም ለዶኩ ኃይል ሊሰጥ ይችላል።

የራሱ ቻርጀር የሌለው ትንሽ ዶክ (ብዙዎች ሀብ ይሉታል) የሚሠራው ከላፕቶፑ በሚያገኘው ኃይል ነው። ተራው ዩኤስቢ 3 በ5 ቮልት 0.9 አምፔር፣ ማለትም 4.5 ዋት ይሰጣል፤ ዩኤስቢ ሲ እስከ 15 ዋት ሊደርስ ይችላል። ይህ ለኪቦርድ፣ ለማውስና ለፍላሽ በቂ ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሁለት ሲሰካበት ግን ኃይሉ ያንሳል፤ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ሳይነሳ ይቀራል ወይም በየጊዜው እየጠፋ ይመለሳል።

ትልቁ ዶክ የራሱ ቻርጀር አለው፤ ያ ካልተሰካ አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ አይሠራም። ላፕቶፑ ዶኩ ከሚሰጠው በላይ የሚፈልግ ከሆነ፣ ለምሳሌ 180 ዋት የሚጠይቅ የዲዛይን ወይም የጌም ላፕቶፕ ከሆነ፣ የራሱን ቻርጀር መጠቀሙ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱም ሲሰኩ ላፕቶፑ በአብዛኛው አንዱን ይመርጣል እንጂ ኃይላቸውን አይደምርም።

ዲስፕሌይሊንክ የተባለውን ቴክኖሎጂ የሚጠቀሙ ዶኮች ደግሞ በአራት ማዕዘኑ የድሮ ዩኤስቢም ይገናኛሉ። በዚያ መሰኪያ በኩል ላፕቶፑን አይሞሉም፤ ምስሉን ጨምቀው የሚልኩትም በላፕቶፑ ላይ በሚጫን ፕሮግራም ነው። ዩኤስቢ ሲ ለሌለው ላፕቶፕ ያላቸው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። በሌላ በኩል የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ መኖሩ ብቻ ምስል ያወጣል ማለት አይደለም፤ መረጃ ብቻ የሚያስተላልፉ ብዙ አሉ። ገዢዎች አዘውትረው የሚሳሳቱት በዚህ ነው።

መብራት ሲጠፋ

ቻርጀር የሌለው ሀብ መብራት ቢጠፋም ከላፕቶፑ ባትሪ እየተመገበ ይቀጥላል፤ ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል። የራሱ ቻርጀር ያለው ዶክ ወዲያው ይሞታል። ላፕቶፑ በባትሪ ስለሚቀጥል ምንም ያልተፈጠረ ይመስላል፤ በዶኩ ላይ ያለው ሃርድ ዲስክ ግን በመጻፍ ላይ ሳለ ተቋርጧል፤ እየተገለበጠ የነበረው ፋይልም ሊበላሽ ይችላል።

ከሁለቱ መካከል ያለው፣ ማለትም የላፕቶፑ ቻርጀር በላዩ የሚሰካበት ሀብ፣ የራሱ ችግር አለው። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ሰጪና ተቀባይ እንደገና ይነጋገራሉ፤ በዚያች ቅጽበት የተሰካው ሁሉ ለአፍታ ሊቋረጥ ይችላል። ይህን ለማስቀረት ፈጣን የሚና ልውውጥ የሚባል ዘዴ በደንቡ ውስጥ ቢገባም የሚሠራው ላፕቶፑም ሀቡም ሲኖራቸው ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ቻርጀሩን ከሀቡ ነቅሎ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ መሰካት የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ትንሽ ዩፒኤስ ያለው ሰውም ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ስላለው ዩፒኤሱን ለዶኩ፣ ለዲስኩና ለኢንተርኔት ራውተሩ ቢያደርገው ይሻላል።

በደሴና በኮምቦልቻ

ሁለቱ ከተሞች በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ያለው በኮምቦልቻ ነው። በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ሰው ዶኩን አንድ ቦታ ትቶ ላፕቶፑን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ዶኩ የማይሞላ ከሆነ ግን ቻርጀሩም አብሮ መሄድ አለበት። ደሴ የተረሳ ቻርጀር ኮምቦልቻ ያለውን ዶክ ባትሪው እስኪያልቅ ብቻ ያሠራዋል።

የከፍታ ልዩነትም አለ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ስትሆን ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። የቻርጀሮች የደኅንነት ደንብ በተለምዶ የሚነሳው ከ2,000 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ኤሌክትሪክ የመከልከል አቅሙ ይቀንሳል፤ በ220 ቮልቱና በዝቅተኛው ቮልት ክፍሎች መካከል ያለው ርቀትም መስፋት ይኖርበታል። በቻይና የተሠሩ አንዳንድ ቻርጀሮች ከ2,000 ሜትር በታች ብቻ እንዲሠራባቸው የሚገልጽ ምልክት አላቸው፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ለኮምቦልቻ ሲፈቀድ ለደሴ አልተፈቀደም ማለት ነው። ስስ አየር ሙቀትንም በደንብ ስለማያወጣ ቻርጀርን ከመጽሐፍ ወይም ከጨርቅ ሥር ማስቀመጥ አይገባም።

ባትሪና ቻርጅ

ባትሪው እንዳይጎዳ ብለው በዶክ መሙላትን የሚተዉ አሉ። የሊቲየም አዮን ባትሪን የሚያስረጀው ሁልጊዜ 100 ከመቶ ሞልቶ መቆየትና ሙቀት ነው፤ የራሱ ቻርጀርም እንደ ዶኩ እስከ መጨረሻው ይሞላዋል። ስለዚህ ለዚህ ዓላማ የሚበጀው በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘውን የመሙያ ገደብ 80 ከመቶ ላይ ማድረግ ነው። መብራት በሚጠፋበት ሳምንት ግን ገደቡን አንስቶ ባትሪውን መሙላት የተሻለ ነው።