የመገደድ ክርክር በይግባኝና በቅጣት፦ የኤርዴሞቪች መዝገብ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1995፣ ስሬብሬኒትሳ በቦስኒያ ሰርቦች ጦር እጅ ከወደቀች ከአምስት ቀን በኋላ፣ የዚያው ጦር ወታደር ድራዤን ኤርዴሞቪች ከጓዶቹ ጋር ፒሊትሳ አጠገብ ወዳለው ብራንየቮ እርሻ ተላከ። በአውቶቡስ የተጫኑ ሙስሊም ወንዶች አሥር አሥር እየሆኑ ይወርዳሉ፤ ሜዳው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ፤ ይረሸናሉ። ኤርዴሞቪች አልተኩስም ሲል፣ ካዘንክላቸው አብረሃቸው ተሰለፍ ተባለ። ተኮሰ። በራሱ ግምት 70 ያህል ሰው ገደለ። የ23 ዓመት ወጣት፣ የአንድ ጨቅላ ልጅ አባት ነበር።

ስለ ዛቻው የምናውቀው ከራሱ አንደበት ነው፤ የመዝገቡም ክብደት እዚህ ላይ ነው። ዘ ሄግ በተሰየመው የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ጉዳይ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ቀርቦ በሰብአዊነት ላይ ወንጀል ፈጽሟል የሚለውን ክስ አመነ፤ ወዲያው ግን እምቢ ብል ኖሮ እገደል ነበር አለ። የመጀመሪያው ችሎት ቃሉን የሚያጠናክር ሌላ ማስረጃ አልቀረበም በማለት መገደዱን ሳይቀበል ኖቬምበር 29 ቀን 1996 በ10 ዓመት እስራት ቀጣው።

ኦክቶበር 7 ቀን 1997 ይግባኝ ሰሚው ችሎት ሦስት ለሁለት ተከፈለ። ዳኞቹ ማክዶናልድ፣ ቮራህና ሊ ንጹሐንን ለገደለ ወታደር መገደድ ቅጣት ያቀልለታል እንጂ ከተጠያቂነት ነፃ አያወጣውም አሉ። ማክዶናልድና ቮራህ የአገሮች ሕግ በዚህ ጉዳይ ስለማይስማማ ችሎቱ ሕጉ ሊጠብቀው ከሚገባው ዓላማ መነሣት አለበት ባዮች ነበሩ። የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1987 በሃው ጉዳይ በነፍስ ግድያ ላይ የመገደድን መከላከያ ዘግቶ ነበር። ዳኞች ካሴሴና ስቲቨን በሐሳብ ተለዩ። የካሴሴ ሙግት እንዲህ ነው፦ ግድያን ለይቶ የሚያስቀር የዓለም አቀፍ ሕግ ደንብ ከሌለ መገደድ ነፃ ሊያወጣ ይችላል የሚለው አጠቃላዩ ደንብ ይሠራል፤ ተከሳሹ የራሱን ሕይወት ለማትረፍ የሌላውን ማጥፋቱ ከዳነበት ጉዳት ጋር የሚመዛዘነው ከስንት አንዴ ነው፤ ይሁንና ሟቾቹ እሱ ተኮሰም አልተኮሰም የሚሞቱ ከነበረ፣ የእሱ እምቢታ አንድም ነፍስ አያድንም።

እኔ ካሴሴን እከተላለሁ። አብላጫው ድምፅ ራሱ ዛቻው ቅጣት ያቀልላል ካለ፣ ሰውየው ሌላ መውጫ እንዳልነበረው የማጣራት ግዴታ ከችሎቱ ጫንቃ አልወረደም። የካሴሴ መንገድ ግን የጠበቀ የፍሬ ነገር ማጣራት ይጠይቃል፤ ከባዱም ነገር እዚያው መዝገብ ውስጥ አለ። በዚያው ዕለት ፒሊትሳ ባለው የባህል አዳራሽ የታጎሩ 500 ያህል ሰዎች እንዲገደሉ ሲታዘዝ ኤርዴሞቪች እምቢ አለ፤ አንዳንድ ጓዶቹም አብረውት እምቢ አሉ። ማንም አልረሸናቸውም። ይህ ጠዋትም እምቢ ማለት ይችል ነበር ያሰኛል? ወይስ ጠዋት ብቻውን ስለነበረ አልቻለም፣ ከሰዓት በኋላ ግን ጓዶች ስላገኘ ቻለ? ፍርድ የሚሰጠው ዳኛ ሳይመልሰው ሊያልፍ የማይገባው ጥያቄ ይህ ነው።

ይግባኝ ሰሚው ተከሳሹ በሰብአዊነት ላይ ወንጀልና የጦር ወንጀል የሚሉትን ክሶች ልዩነት ሳይረዳ አምኗል በማለት መዝገቡን ለሌላ ችሎት መለሰው። በጦር ወንጀል ክስ ዳግም አመነ፤ ዓቃቤ ሕግም በዚህ ጊዜ መገደዱን ተቀበለ፣ ሁለቱ ወገኖችም 7 ዓመት እንዲሆን በጋራ ጠየቁ። ማርች 5 ቀን 1998 የተፈረደበት 5 ዓመት ነው። የክሱ ዓይነት መለወጡ ድርሻ አለው፤ ሆኖም ያንኑ ታሪክ አንዱ ችሎት ሳይቀበለው፣ ሌላው ተቀብሎት እስራቱ በግማሽ ወርዷል።

በዚያው ዓመት የጸደቀው፣ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት መቋቋሚያ የሆነው የሮም ስምምነትም በአንቀጽ 31 ከመገደድ መከላከያ ግድያን በስም አላገለለም።

የእኛ የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም አላገለለም። አንቀጽ 71 ሊቋቋመው በማይችል አካላዊ ኃይል ተገድዶ የሠራን ሰው ከቅጣት ነፃ ያደርጋል፤ መገደዱ በኅሊና ላይ የወደቀ ሲሆን ፍርድ ቤቱ በመሰለው መጠን ማቅለል ወይም ጭራሹን አለመቅጣት ይችላል። አንቀጽ 72 ደግሞ መቋቋም ይችል የነበረውን ይቀጣል፤ ሆኖም የማስገደዱን መጠን፣ የሁለቱን ሰዎች ጉልበት፣ ዕድሜና ጥገኝነት አይቶ ለማቅለል በር ይከፍታል። ይህ በደረጃ የሚመዝን አሠራር በዘ ሄግ ከተነሣው ነፃ ያወጣል ወይስ አያወጣም ክርክር የተሻለ ይመስለኛል። ጉድለቱ "በመሰለው" የሚለው ሥልጣን ምክንያት ሳይጻፍበት ሲሠራበት ነው። ዛቻውን ማን አደረሰው? ምን ያህል ቅርብ ነበር? ማምለጫ ነበረ ወይ? ተከሳሹ ራሱን እዚያ ቦታ ያደረሰው በፈቃዱ ነው? የሥር ፍርድ ቤት እነዚህን ትቶ "የቀረበውን ማቅለያ ተቀብለናል" ብቻ ካለ፣ ይግባኝ ሰሚው የሚመዝነው ነገር የለውም፤ በግምት ከማጽናት ይልቅ ፍሬ ነገሩ እንዲጣራ መዝገቡን ሊመልስ ይገባዋል።