ታኮሜትር፦ የመኪና ሞተር ዙር መለኪያና የኢግኒሽን ሽቦው

ታኮሜትር የሞተር ክራንክሻፍት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳይ የዳሽቦርድ ጌጅ ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ የተጻፉት ቁጥሮች በ1000 ይባዛሉ። በድሮ መኪኖች መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው ከሞተሩ የሚነሳ ተሽከርካሪ ገመድ ነበር። በኋላ የመጣው የኤሌክትሪክ ታኮሜትር ግን ካንዴላዎቹን የሚያስነሳውን የኤሌክትሪክ ምት ይቆጥራል፤ በአብዛኞቹ የቆዩ የቤንዚን መኪኖች ዙሩን የሚያውቀው በዚህ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ መርፌው ሲሳሳት ወይም ሲሞት ጌጁን ከመቀየር በፊት ምቱ የሚመጣበትን መስመር መመርመር ይገባል። ብዙ ደኅና ጌጅ በአንድ የላላ ሽቦ ምክንያት ተነቅሎ ተጥሏል።

ፑንቲና ባለው ኢግኒሽን፣ ከቁልፉ የሚወጣው ኃይል ወደ ቦቢናው (ኢግኒሽን ኮይል) ፖዘቲቭ ይገባል፤ ኔጌቲቩ ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ካለው ፑንቲና ጋር ይገናኛል። ፑንቲናው ሲገጥም ከረንት ያልፋል፤ ሲከፈት ከረንቱ በድንገት ይቆረጥና በኔጌቲቩ ጫፍ ላይ ጥቂት መቶ ቮልት የሚደርስ ምት ይፈጠራል። የታኮሜትሩ ሽቦ የሚታሰረው እዚህ ነው። በጀርመን ደረጃ ይህ ጫፍ «1»፣ ከቁልፍ የሚመጣው ደግሞ «15» የሚል ቁጥር አለው። ለዓመታት የአዲስ አበባ ታክሲ በነበሩት ላዳዎች ቦቢና ላይ በሩስያኛ ፊደል «ካ» እና «ቤ» ተብሎ ተጽፏል፤ የምቱ ጫፍ «ካ» ነው።

ባለ አራት ምት (ስትሮክ) ሞተር ውስጥ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ይቀጣጠላል። ባለ 4 ሲሊንደር በአንድ ዙር 2 ምት፣ ባለ 6 ደግሞ 3፣ ባለ 8 ደግሞ 4 ይሰጣል። ሚኒሞ ላይ በ800 ዙር የሚሠራ ባለ 4 ሲሊንደር በደቂቃ 1600 ምት ወደ ጌጁ ይልካል ማለት ነው። ለ8 ሲሊንደር የተስተካከለ ጌጅ በዚያ ሞተር ላይ ቢገጠም 400 ያነብባል። ንባቡ በትክክል ግማሽ ወይም እጥፍ ከሆነ ሽቦው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከጌጁ ጀርባ ያለው የሲሊንደር መምረጫ ነው።

መርፌው ጭራሽ ካልተነሳ ሦስት ነገር ይታያል፦ ኃይል፣ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው መስመር) እና ምት። ቁልፉ ተከፍቶ በጌጁ የኃይል ሽቦ ላይ የባትሪው ቮልት መገኘት አለበት። ማሳው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው፤ መብራት ሲበራ ወይም ፍሬቻ ሲመታ መርፌው አብሮ ከተወዛወዘ የላላ ወይም የዛገ ማሳ መፈለግ ይሻላል። ምቱን ለማየት ተራ የ12 ቮልት አምፖል በቦቢናው ኔጌቲቭና በማሳ መካከል ይያዛል፤ ሞተሪኖው ሲመታ ብልጭ ድርግም ካለ ምቱ አለ። ይህ ዘዴ ለፑንቲና ነው፤ ኮምፒዩተር በሚያዘው ቦቢና ላይ መሞከር የለበትም። ሞተሩ እየሠራ ጫፉን በባዶ እጅ መንካትም አደገኛ ነው። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ መተው ፑንቲናው የገጠመ ከሆነ ቦቢናውን ያግላል።

ከሁሉ የሚያደናግረው ብልሽት ጌጁ ራሱ ሞተሩን ሲያጠፋ ነው። የምት ሽቦው ከቦቢናው ተነስቶ በሞተር ክፍሉና በዳሽቦርዱ መካከል ባለው የብረት ግድግዳ ቀዳዳ ያልፋል። እዚያ ያለው ላስቲክ ከተበላ የሽቦው ሽፋን በብረቱ ይፋቃል፤ ሽቦው ብረቱን ሲነካ ኔጌቲቩ ዘወትር ከማሳ ጋር ስለሚገናኝ ፑንቲናው ቢከፈትም ከረንቱ አይቆረጥም፤ ብልጭታም አይኖርም። በጌጁ ውስጥ የተፈጠረ ሾርትም ውጤቱ ያው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የታኮሜትሩን ሽቦ ከቦቢናው ነቅሎ ሞተሩን ማስነሳት። ከተነሳ ጥፋተኛው ሽቦው ወይም ጌጁ ነው።

በሌላ በኩል ደኅና ታኮሜትር ለኢግኒሽኑ ምስክር ይሆናል። መኪናው በማርሽ እየሄደ ሞተሩ ድንገት ቢጠፋ፣ ጎማው ገና ክራንክሻፍቱን እያዞረ ሳለ መርፌው በአንዴ ዜሮ ላይ ከወደቀ የተቋረጠው የቁልፉ ወይም የቦቢናው ዝቅተኛ ቮልት መስመር ነው። መርፌው ከመኪናው ፍጥነት ጋር ቀስ እያለ ከወረደ ግን ምቱ አልተቋረጠም፤ ቤንዚኑን ወይም ወደ ካንዴላ የሚሄደውን ከፍተኛ ቮልት መስመር መመርመር ነው። ይህን በዓይኑ ያየ ሾፌር ለመካኒኩ ቢነግረው ብዙ ሰዓት ያተርፍለታል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንደ ኤምጂቢ ባሉ የእንግሊዝ መኪኖች የተገጠመው የስሚዝስ ታኮሜትር ከዚህ ሁሉ ይለያል። ከቁልፉ ወደ ቦቢናው የሚሄደው ነጭ ሽቦ ራሱ ወደ ጌጁ ጀርባ ዞሮ በአንድ ቀለበት ውስጥ ያልፋል፤ ጌጁ የሚያነበው ቮልቱን ሳይሆን በሽቦው ውስጥ እየተቆራረጠ የሚያልፈውን ከረንት ነው። ሽቦው በተቃራኒ አቅጣጫ ከዞረ ንባቡ ይበላሻል፤ ከተበጠሰ ሞተሩ አይነሳም። ብዙዎቹ ጌጆች ፊታቸው ላይ ማሳው ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ ተጽፎባቸዋል፤ የመኪናው ማሳ ተገልብጦ ጌጁ ካልተስተካከለ አያነብም። በፑንቲና ፋንታ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ሲገጠምም መርፌው መዝለል ሊጀምር ይችላል፤ የከረንቱ ቅርፅ ስለሚለወጥ ነው።

በካፓሲተር ኃይል በሚሠራ የውድድር ኢግኒሽን ላይ ሽቦውን በቦቢናው ማሰር ጌጁን ሊያቃጥል ይችላል፤ በኢግኒሽኑ ሳጥን ላይ ለታኮሜትር የተለየውን መውጫ መጠቀም ግዴታ ነው። አንድ ቦቢና ለሁለት ካንዴላ በሚሠራባቸው ባለ 4 ሲሊንደር ሞተሮች ከአንዱ ቦቢና ብቻ የተወሰደ ምት በዙር 1 ብቻ ስለሆነ የተለመደ ጌጅ ግማሹን ያሳያል። በዘመናዊ መኪኖች ኮምፒዩተሩ ዙሩን ከክራንክሻፍት ሴንሰር አንብቦ ለዳሽቦርዱ ስለሚያስተላልፍ ቦቢናውን መፈተሽ ጥቅም የለውም።

ናፍጣ ሞተር ካንዴላም ቦቢናም የለውም። ብዙዎቹ የቆዩ ናፍጣ መኪኖች ለታኮሜትሩ ምት የሚወስዱት ከአልተርኔተሩ ጀርባ «ደብሊው» ከሚባለው ጫፍ ነው። ንባቡ በቺንጋው ላይ ስለሚመሠረት ቺንጋው ላልቶ ሲንሸራተት መርፌው ከእውነተኛው ዙር በታች ያሳያል፤ የተለየ መጠን ያለው ፑሊ ሲገጠምም ጌጁ እንደገና መስተካከል አለበት።