ፒየር ላቫልና የኢትዮጵያ ጉዳይ

ፈረንሣይ በኢትዮጵያ ዘንድ ለረጅም ዘመን ስትታወቅ የኖረችው በባቡር ሐዲዷ፣ በትምህርት ቤቶቿና በቋንቋዋ ነው። ስለዚህም ከወልወል ግጭት በኋላ አዲስ አበባ ከፓሪስ የጠበቀችው ድጋፍ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ወቅት የፈረንሣይን የውጭ ጉዳይ ይመራ የነበረው ፒየር ላቫል ነበር።

ላቫል በ1875 ዓ.ም. በኦቨርኝ አውራጃ፣ ሻቴልዶን በምትባል ትንሽ ከተማ ከአንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ተወለደ። በፓሪስ የሠራተኞች ማኅበራት ጠበቃ በመሆን ስም አተረፈ፤ በ1906 ዓ.ም. በሶሻሊስትነት የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ። ከዚያ ወዲያ ፓርቲውን ትቶ ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ አዘነበለ። የኦቤርቪሊዬን ከንቲባነት ግን ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ አልለቀቀም። በ1922 ዓ.ም. የሠራተኛ ሚኒስትር ሳለ የማኅበራዊ መድን ሕግ እንዲጸድቅ ማድረጉ ሊካድ አይገባም። በጥር 1923 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ጠበቃነቱ ግን ከፖለቲካው አልተለየም። ለላቫል ማንኛውም ክርክር ከሸንጎ ውጭ በድርድር የሚያልቅ ነበር፤ መርሕና ቃል ኪዳን የዋጋ ጉዳይ ይመስሉት ነበር። ባርቱ በማርሴይ ከተገደለ በኋላ በጥቅምት 1927 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይን ሥልጣን ሲይዝ፣ ዋነኛ ፍላጎቱ ኢጣሊያን በሂትለር ላይ ከፈረንሣይ ጎን ማሰለፍ ነበር። ለዚህም ታኅሣሥ 29 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የገና በዓል ዕለት፣ በሮም ከሙሶሊኒ ጋር ተፈራረመ። ከሊቢያና ከኤርትራ ጋር የሚዋሰኑ መሬቶችን፣ እንዲሁም ከጅቡቲ አዲስ አበባ የባቡር ኩባንያ 2,500 አክሲዮኖችን ለኢጣሊያ ለቀቀ። ሙሶሊኒ በኢትዮጵያ ላይ እጁ እንደ ተፈታለት ተናገረ፤ ላቫል የፈቀደው የኢኮኖሚ ጥቅምን ብቻ እንደ ሆነ ተከራከረ። ሁለቱ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በዚሁ ነጥብ በደብዳቤ ተነታርከዋል። የሆነው ሆኖ፣ ጦርነቱ በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተጀመረ ሁለት ወር አልፎ ነበርና ክርክሩ ለኢትዮጵያ አልፈየደላትም።

የመንግሥታት ማኅበር ኅዳር 8 ቀን ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅ ግን አልተካተተበትም። ነዳጅ እንዲጨመር ሲታሰብ ላቫል ጉዳዩን አዘገየ፤ በኅዳር 28 ቀንም ከእንግሊዙ ሚኒስትር ከሰር ሳሙኤል ሆር ጋር በፓሪስ አንድ ዕቅድ ተስማማ። በዕቅዱ መሠረት ኢጣሊያ ከትግራይና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ትወስዳለች፤ በደቡብም ለኢኮኖሚዋና ለሠፈራ የሚሆን ክልል ይሰጣታል። ኢትዮጵያ በምትኩ የአሰብን ወደብና ወደርሱ የሚያደርስ ጠባብ መተላለፊያ ታገኛለች። ባለጉዳዩዋ ኢትዮጵያ በድርድሩ አልነበረችም። ዕቅዱ በፓሪስ ጋዜጦች ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ለወራሪ ሽልማት መስጠት ነው በማለት አልተቀበሉትም። ሆር ታኅሣሥ 8 ቀን፣ ላቫል ደግሞ ጥር 13 ቀን ከሥልጣን ወረዱ። ዕቅዱ ቢሞትም የነዳጁ ማዕቀብ አብሮ ሞተ፤ ጉዳቱም ይኸው ነው። በሚያዝያ ወር ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው በባቡሩ ወደ ጅቡቲ ተጓዙ፤ የቀረውም መንግሥት በምዕራብ፣ ዛሬ ከሳንሱሲ አልፎ ወደ አምቦ በሚያመራው መንገድ አቅጣጫ፣ መቀመጫውን ጎሬ አደረገ።

ኢጣሊያም ለፈረንሣይ አልሆነችም፤ በ1932 ዓ.ም. ከሂትለር ጎን ወጋቻት። ላቫል በቪሺ መንግሥት ሁለት ጊዜ ሥልጣን ይዞ፣ በሰኔ 1934 ዓ.ም. የጀርመንን ድል እንደሚመኝ በራዲዮ ተናገረ፤ በዘመኑም በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ አይሁዶች ከፈረንሣይ ተግዘዋል። ከጦርነቱ በኋላ ለፍርድ ሲቀርብ አንዳንድ ዳኞች ሰደቡት፤ እርሱም ችሎቱን ትቶ ወጣና በሌለበት ሞት ተፈረደበት። ጥቅምት 5 ቀን 1938 ዓ.ም. ጠዋት መርዝ ጠጣ፤ ሐኪሞች ሕይወቱን ካተረፉት በኋላ በፍሬን እስር ቤት ግቢ በጥይት ተገደለ።